ስድስት ሳምንት የቆመ ውሃ፦ ለእማዬ ሻወር ልክፈትላት?

የሃርለሟ፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት ከርመን ትናንት ማታ ኒውዮርክ ገባን። እማዬም አብራን መጥታለች። 74 ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። ሻወሩን ስከፍተው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ውሃ ወረደ። ቶሎ ዘጋሁት። በፈረንጆች 2025 ሰመር እዚሁ ሰፈራችን ሃርለም 114 ሰው በሌጅዮኔርስ (ውሃ ውስጥ በሚራባ ባክቴሪያ የሚመጣ ከባድ የሳንባ ምች) ታሞ 7 ሰው ሞቷል። ያኔ የያዘኝ ፍርሃት እስካሁን አለቀቀኝም። እማዬ ለጊዜው በሳፋ እየታጠበች ነው። ምን ላድርግ?

የቦይለር ሰው፦
እንኳን ደህና ገባችሁ እህቴ። ብሮንክስ ውስጥ የሕንፃ ጥገና ነው የምሰራው። የሃርለሙ በሽታ ከቤት ቧንቧ የመጣ አይደለም። ጣሪያ ላይ ካሉት የኤሲ ማቀዝቀዣ ማማዎች የወጣውን ብናኝ ነፋስ ወስዶት መንገደኛው ተነፈሰው። በፈረንጆች 2015 ደቡብ ብሮንክስ ላይም እንዲሁ ሆኖ ነው ከተማው ማማዎቹን በሕግ ያስመዘገበው።

ያንቺ ጉዳይ የቆመ ውሃ ነው። የሌጅዮኔርስ ባክቴሪያ ለብ ያለ ውሃ ይወዳል። ብናኙ ሳንባ ሲገባ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ውሃው እንዳይረጭ አድርጊ። የሻወሩን ራስ በፌስታል ጠቅልለሽ እሰሪው፣ የፌስታሉን ጫፍ ቅደጂው። መስኮት ክፈቺ፣ እማዬን ከዚያ አርቂያት። ቀዝቃዛውንም ሙቁንም ደህና አድርገሽ አፍስሺ። ከዚያ ራሱን ፍቺና አቼቶ ውስጥ አሳድሪው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። ስንቱን ፈትቻለሁ! ከውጭ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን በጣት ሲነኩት ግን እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል።

ሱፐሩን (የሕንፃውን ተቆጣጣሪ) ደግሞ የሙቅ ውሃው ታንክ ስንት ላይ እንደሆነ ጠይቂው። 140 ፋራናይት፣ ማለትም 60 ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ዝቅ የሚያደርጉ አሉ፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ነርስ ነኝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በሁለት ሳምንት ውስጥ እማማ ትኩሳት፣ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር ካላቸው፣ ወይም ነገር ከተምታታባቸው፣ ቤት አታቆዪያቸው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን እንዳትሰጪያቸው፣ ለዚህ በሽታ አይሰራም። ለሐኪሙ "ቤታችን ተዘግቶ የከረመ ውሃ ነበር" በይው፤ የሽንትና የአክታ ምርመራ እንዲታዘዝ ይረዳል። ቶሎ ከተያዘ መድኃኒት አለው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ማለት ይቻላል፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይሳሙ።

የሃርለሟ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፌስታሉን አስሬ አፈሰስኩት፣ አሁን ጥርት ብሏል። ሱፐሩ ግን "115 ላይ ነው" አለኝ።

የቦይለር ሰው፦
46 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ባክቴሪያው ከሚራባበት ብዙም አልራቀም። ለአከራዩ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ዝም ካለ 311፣ የከተማው አቤቱታ መቀበያ ስልክ ላይ ደውዪ። ሙቀቱን ሲጨምሩ ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚቀላቅል ማደባለቂያ ቫልቭ መኖሩን ይዩ፣ አለዚያ ሰው ይቃጠላል። እስኪስተካከል እማዬ በሳፋው ይቀጥሉ።