ለደሴና ለኮምቦልቻ ድርጅቶች የሳይበር ደህንነት አገልግሎት ስናቀርብ መልእክታችን በምን ላይ ይመሥረት?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ፦
ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አነስተኛ የሳይበር ደህንነት ድርጅት አቋቁመን የድርጅቶችን ኢሜይል እንጠብቃለን፤ የሂሳብ መዝገባቸውን ምትኬ ቅጂ በየዕለቱ እንይዛለን፤ ጥቃት ሲደርስባቸውም ሥራቸውን መልሰን እናስጀምራለን። ጅምላ ነጋዴዎችና አስመጪዎች በአክብሮት ያዳምጡናል፤ ሆኖም «ፀረ ቫይረስ አለን» ብለው ያሰናብቱናል። አንዱ ባልደረባዬ በዓለም ላይ የደረሱትን ታላላቅ ጥቃቶች በማሳየት አደጋውን እናስገንዝብ ይላል፤ ሌላው «የተሟላ የሳይበር ጥበቃ» በሚል ራሳችንን እናስተዋውቅ ባይ ነው። ሁለቱም አላሳመኑኝም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ምክራችሁን ብትለግሱን በእጅጉ እናመሰግናለን።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ከደሴ፦
በቅድሚያ የምታነጋግሩት ማንን እንደሆነ ለዩ። ገንዘቡን የሚፈቅደው ባለቤቱ ቢሆንም ጭንቀቱን የሚሸከመው የሂሳብ ሠራተኛው ነው። የበጀት ዓመቱን ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ዓመታዊ ግብሩን ማሳወቅ ይጠበቅበታል። በእነዚህ ወራት ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር በቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ቢቆለፍ ምን እንደሚከተል ለእኛ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። «መዝገባችሁ ቢጠፋ በማግስቱ ከነበራችሁበት ትቀጥላላችሁ» ብትሉን ዋጋውን እንጠይቃለን። «የተሟላ ጥበቃ» ግን የፀረ ቫይረሱም ማሸጊያ የሚለው ነው።

የግብይት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ፦
ከላይ በተሰጠው ሐሳብ እስማማለሁ። ማስፈራራት ሰሚውን ያስጨንቀዋል እንጂ ከእናንተ እንዲገዛ ምክንያት አይሆነውም፤ ስለዚህ ከታላላቅ ጥቃቶች ምሳሌ መውሰድ ካስፈለገ ከጉዳቱ ይልቅ የተዳነበትን መንገድ አሳዩ። በጂቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ የመርከብ ጭነት ኩባንያውን የሜርስክን ኮንቴይነር ያውቃል። ይህ ኩባንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ በተባለው ጥቃት ሥራው ተቋርጦ ወደ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን በ10 ቀናት ውስጥ እንደ አዲስ መጫን ግድ ሆኖበት ነበር። የተጠቃሚዎቹ መዝገብ የሚያዝባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ሲጠፉ የተረፈው በጋና ቢሮው መብራት በመቋረጡ ከመረቡ ተለይቶ የቆየው አንዱ ብቻ ነው። እናንተ ልትሸጡ የሚገባችሁ ሜርስክ በአጋጣሚ ያገኘውን ነገር ነው፤ ከመረብ ተለይቶ የሚቀመጥና መመለሱ አስቀድሞ የተፈተነ ቅጂ።

ለአስመጪዎች ግን ሌላ በር አለ። አጭበርባሪ በአቅራቢያቸው ስም ኢሜይል ጽፎ «የባንክ ሂሳባችን ተለውጧል» ይላል፤ በተለይ በቲቲ (ገንዘቡን በባንክ በኩል በቀጥታ ወደ አቅራቢው ሂሳብ በማስተላለፍ) የሚከፍል ድርጅት ገንዘቡን አንዴ ከላከ በኋላ ማስመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለእነርሱ የምታቀርቡት ቃል «የሂሳብ ቁጥር ለውጥ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ሳይረጋገጥ ክፍያ እንዳይወጣ ሥርዓት እንዘረጋላችኋለን» የሚል ይሁን። የውጭ እናት ኩባንያ ያላቸውን ፋብሪካዎች ለጊዜው ተዉአቸው፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል።

የሕግ ባለሙያ፣ ከደሴ፦
የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሠራተኞችንና የደንበኞችን መረጃ የሚይዙ ድርጅቶችን ግዴታ ስለሚደነግግ በማብራሪያችሁ መጥቀሱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቅጣቱን አርዕስት አታድርጉት። «ከእንግዲህ አትጠለፉም» የሚል ቃልም በበራሪ ወረቀትም ሆነ በውል ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ ማንም ሊፈጽመው የማይችለው ቃል ነው።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ከደሴ ጅምላ ነጋዴዎች እንጀምርና በእያንዳንዱ ቀጠሮ የናሙና መዝገብ አጥፍተን ባለቤቱና የሂሳብ ሠራተኛው እያዩ እንመልሰዋለን። ይህን በየትኛው ወር ብንጀምር ይሻላል?

የሂሳብ ባለሙያ፣ ከደሴ፦
ግንቦት ላይ ኑ። ሰኔ ቆጠራ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ ለእንግዳ የሚሆን ጊዜ አይኖረንም።