ልጄ ጀበናውን አልለቅም አለ፣ አማቴ ደግሞ ተቆጡ

የናቲ እናት፦
ሰላም እናቶችና አባቶች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ ወንድ ነው፣ ገና 4 ዓመቱን መያዙ ነው። ባለፈው ወር እህቴ ለልጇ ከመርካቶ የፕላስቲክ ጀበናና ሲኒ ስትገዛ ለሱም አንድ ጨመረችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪኖቹን ዞር ብሎ አላያቸውም። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ሥራው ቡና ማፍላት ነው። ቆርኪ ሰብስቧል፣ ቡናው እሱ ነው። በድስት ክዳን ላይ ሽክሽክ እያደረገ ይቆላና እየዞረ ያስሸትተናል፣ እኛ ደግሞ ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን ሳብ ሳብ ማድረግ አለብን፣ ካላደረግን ይቆጣል። አቦሉን መጀመሪያ የሚሰጠው ለአያቱ ነው። እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

አማቴ ግን አልሳቁም። ሁለት ቀን ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን "ወንድ ልጅ ጀበና አይዝም። ኋላ ሴታሴት ሆኖብሽ እንዳታለቅሺ" አሉኝ። ባለቤቴ "እናቴን አታስቀይሚያት፣ ደብቂው፣ ይረሳዋል" አለ። ደበቅኩት። ማታ አልጋው ውስጥ ሆኖ "ማሚ፣ ጀበናዬ የት ሄደች?" ሲለኝ ተሰብራለች ብዬ ዋሸሁት። አለቀሰ። አሁን ድረስ ይቆጨኛል። የሚገርመው ደግሞ ለጥምቀት አጎቱ የላስቲክ ሽጉጥ ገዝቶለት ቀኑን ሙሉ ሁላችንንም ሲገድለን ሲውል ማንም ምንም አላለም። እኔ ነኝ ያካበድኩት? አማቴን ሳላስቀይም እንዴት ልያዘው?

ቲቸር ከሳሪስ፦
አላካበድሽም እህቴ። ኬጂ ሳስተምር 11 ዓመቴ ነው። ክፍላችን ውስጥ የኩሽና ጥግ አለ፣ በር ሲከፈት መጀመሪያ እዚያ ሮጠው የሚደርሱት ወንዶቹ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚጫወተው ያየውን ነው፣ የሚወደው ሰው ሲያደርግ ያየውን። አንዴ አንድ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ፣ ልጁ አሻንጉሊት በፎጣ አዝሎ እየተንጎራደደ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። "ምንድነው የምታስተምሩት?" አለኝ። እኔ ሳልመልስ ልጁ "አባዬ፣ አንተን ሆኜ እኮ ነው!" አለ። ለካ ቤት ውስጥ ሕፃን እህቱን የሚያስተኛት አባትየው ነው። ሰውየው መሳቅም ማፈርም አቅቶት ቆመ።

የናቲ ቡናም እንዲሁ ነው። ሳያፈስ ሲኒ መሙላት ለ4 ዓመት እጅ ትልቅ ሥራ ነው፣ እርሳስ ለመያዝ የሚረዳው ይሄው ነው። ተራ መጠበቅ አለ፣ ሰው ማስተናገድ አለ። እኔን ይልቅ የሚያሳስቡኝ ሴቶቹ ናቸው። የሚገጣጠመውን ነገር ወንዶቹ ቀድመው ይይዙታል፣ እነሱ ዳር ቆመው ያያሉ፣ ካልጠራኋቸው አይመጡም። አንዴ ከመጡ ግን ፎቅ ሠርተው ነው የሚነሱት።

ግልጽ ልናገር፦
ይቅርታ፣ እኔ ከአማትሽ ጋር ነኝ። ልጁ ምንም አልሆነም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ነገ ሰፈር ውስጥ ጓደኞቹ ሲስቁበት ቲቸር አትደርስለትም። ይሄ "ልጅ የፈለገውን ይጫወት" የሚባለው ደግሞ ከፈረንጅ የመጣ ነው፣ እኛ እንዲህ አላደግንም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ እንዴት ነው ያደግነው ታዲያ? እኔ ጎጃም ነው ያደግኩት። መጫወቻችን ጭቃ፣ ቆርኪ፣ የጨርቅ ኳስ ነበር። ጭቃ ሮዝና ሰማያዊ የለውም። ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ወንዶቹም ነበሩ (እውነት ለመናገር ወጥ ሠሪዋ ሁሌ እኔ ነበርኩ፣ እነሱ "ሥራ ውለው" ይመጡና ምሳ ይጠይቁኛል)። ብይ ግን ማንም አያሸንፈኝም ነበር። የወንድ መደርደሪያ የሴት መደርደሪያ የሚባለውን ያየሁት አሜሪካ መጥቼ ነው። ከፈረንጅ የመጣውስ መከፋፈሉ ነው። እነሱ ራሳቸው አሁን እየተመለሱ ነው፣ ታርጌት የሚባለው ትልቅ ሱቅ እ.ኤ.አ. በ2015 የወንድ የሴት የሚለውን ምልክት ከመጫወቻ ቦታው አነሳ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ትልልቅ ሱቆች ለሁሉም ልጅ የሚሆን የጋራ መደርደሪያ እንዲኖራቸው በሕግ አዛለች።

ሌላ ነገር ልጨምር። ልጄ አውሮፕላን ይዛ ስትሮጥ ያየ አበሻ ሁሉ "ካፒቴን አምሳለ ጓሉን ትሆናለች!" እያለ ነው የሚመርቃት። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ናት፣ ማን ይጠላል? ሴት የወንድ ዕቃ ስትይዝ ከፍ አለች እንላለን። ወንድ የሴት ዕቃ ሲይዝ ግን ወደቀ። ጀበናን ማን ነው ዝቅ ያደረገው? እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ወጥ ቤት ነኝ፦
እኔ ሆቴል ነው የምሠራው፣ ሼፍ ነኝ፣ ኩሽናችን ውስጥ የሚበዛው ወንድ ነው። ደመወዝ ካለው የወንድ ሥራ ነው፣ ቤት ሲሆን የሴት ይሆናል፣ ነገሩ ይሄው ነው። መርካቶ በሲንጀር ልብስ የሚሰፋው ማነው? ሸማ የሚሸምነውስ? ለአማትሽ ግን ይሄን ሁሉ አትንገሪ፣ ክርክር ይመስልብሻል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፣ ለቅዳሴ ኅብስቱን ቤተልሔም ገብቶ የሚጋግረው ማነው? ዲያቆን ነው፣ ወንድ ነው። ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣም፣ መነኮሳቱ ታዲያ ማን ይጋግርላቸዋል? ቀስ ብለሽ፣ ቡና ላይ ጣል አድርጊያት።

ግልጽ ልናገር፦
የቤተልሔሙን አላሰብኩትም ነበር። የሰፈሩ ነገር ግን አሁንም ያሳስበኛል።

ቲቸር ከሳሪስ፦
የሰፈሩ እውነት ነው፣ ይሳቃል። ግን የሚስቁት ልጆች ሳቁን ከየት እንደሚያመጡት ታውቃለህ፣ ከየቤታቸው ነው። ቤቱ ያልሳቀበት ልጅ ውጭ ሲሳቅበት ቶሎ አይሰበርም። እኛ ክፍል ውስጥም ያየሁት እሱን ነው።

የናቲ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጀበናዋ "ተጠግና" ተመልሳለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የቤተልሔሙን ጥያቄ ጣል አደረግኳት። አማቴ ነጠላቸውን እያጠፉ ዝም አሉ፣ ቆይተው "እሱማ ዲያቆን ነው" አሉ፣ ሌላ አልተናገሩም። ዛሬ ናቲ ሲቀዳ ግን ተቆጡት። ደንግጬ ብሮጥ "ምን ያጣድፍሃል፣ ገና አልሰከነም እኮ!" እያሉት ነው። አሁን እስኪሰክን ሁለቱም ቁጭ ብለው ባዶ ጀበና ይጠብቃሉ። ባለቤቴ ገና ነው፣ ሲኒውን ስልኩን እያየ ነው የሚቀበለው።