በቀለ የሚባሉ ሦስት ታዋቂ ሰዎችን አግዙኝ

ጥያቄ፣ ከአንዲት እናት፦
የምንኖረው አሜሪካ ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ሐሙስ ዕለት «የቤተሰቤን ስም የሚጋሩ ሦስት ታዋቂ ሰዎች» በሚል ርዕስ ክፍል ውስጥ ትናገራለች። በወረቀት ላይ ስማችን በቀለ ነው፤ የባለቤቴ አባት ስም። ሰዎቹ ከተለያየ ሙያ መሆን አለባቸው ተብላለች፤ ከቀነኒሳ በቀር ግን ማንም አልመጣልኝም። ደግሞስ «ዘመዶችሽ ናቸው?» ቢሏት ምን ትበል?

የሸክላ ወዳጅ፦
እህቴ፣ ዘፈኑ ቤት በቀለ ሞልቷል! ብዙነሽ በቀለ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፅ ነበረች፤ ሂሩት በቀለ ደግሞ የፖሊስ ኦርኬስትራ። እኔ ብሆን ብዙነሽን እመርጣለሁ። ልጅቷ ከስልክ ላይ ትንሽ ብታሰማቸው የክፍሉ እንቅልፍ ይለቃል።

ኳስ ተመልካች፦
ሦስተኛው ሽመልስ በቀለ ይሁን። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ ግብፅም ውስጥ ለዓመታት ተጫውቷል። ለቀነኒሳ የቤጂንጉ 2008 ይበቃል፤ 5,000ውንም 10,000ውንም ወርቅ ወስዷል። ለንደን ላይ በ10,000 ነሐስ ያገኘውን ታሪኩ በቀለን ግን አትጨምሪው፤ ወንድሙ ስለሆነ ጨዋታው ይበላሻል።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦
ሦስቱም ምርጫዎች ጥሩ ናቸው። ነገር ግን የመምህሯን ጥያቄ እንዳለ መቀበል የለብንም። በቀለ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም፤ በየትውልዱ ይለወጣል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔ ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የመሩት ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። እሸቴ የት ገባ? በአንድ ትውልድ ወደቀ።

ለዝምድናው ጥያቄ ዲባባዎችን ትጥቀስ። ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤ ዲባባ እህትማማቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማሬ ዲባባ ግን አትዛመዳቸውም። በባርሴሎና ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ ደግሞ ዘመዳቸው ናት፤ ስሟን አይቶ ማን ይገምታል? እኛም ቤት መጻሕፍትን የምንደረድረው በደራሲው በራሱ ስም ነው። የውጭ ጋዜጠኛ «በቀለ አፈተለከ!» ሲል በሰማሁ ቁጥር አባትየው የሮጡ ይመስለኛል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቀነኒሳ፣ ብዙነሽና ሽመልስ ተመርጠዋል። ለዝምድናውም «አይደሉም፤ የአባቶቻቸው ስም ነው የገጠመው» ትላለች። ሁሉን ስነግራት ግን «ታዲያ የእኔ አባት ዳዊት አይደል? በቀለ እኮ አያቴ ነው፤ የአባቴን ስም ማን ወሰደው?» አለችኝ። ለዚህስ ምን ልበላት?

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦
ቅጹ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ ብቻ ስለነበር ነው በያት። ሐሙስ ስትናገር ግን ሦስቱንም ትጥራ፤ የራሷን፣ ዳዊትን፣ በቀለን።