ኃይል፣ ጉልበት፣ ሥልጣን፦ ፕላኔት የሚበላው ሰውዬ ያለው የቱ ነው?

ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ከአዳማ ነኝ። የእህቴን ልጅ የኮሚክ መጽሐፍ ነገር አሳብዶታል። ሰሞኑን የጠፈር ግዙፎቹን ታሪክ ለታናሽ እህቱ በአማርኛ እየጻፈላት ነው። ትናንት ደብተሩን ይዞ መጣና «አጎቴ፣ ሁሉም ጋ ‹ኃይል› ብዬ ጻፍኩ፤ ግን እኮ አንድ አይደሉም» አለኝ። እውነቱን ነው። ያንዱ ከራሱ ነው፣ ያንዱ ከጌታው፣ ያንዱ ጣቱ ላይ ካጠለቀው ዕቃ።

ቃል ግን አላጣንም።

ጉልበትን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሰውነት ክፍል ነው፤ ሙሽሮች የሚስሙት፣ ዳገት ላይ የሚከዳን። ስለዚህ ጉልበት ሲባል ከገላ የማይለይ ነገር ይታየኛል። አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡትም።

ሥልጣን ሌላ ነው። ይሰጣል፣ ይሻራል። ከኮሚክ ጀግኖቹ አንዱ፣ ሲልቨር ሰርፈር፣ ድሮ ኖሪን ራድ የሚባል የሌላ ዓለም ሰው ነበር። አገሩን ለማትረፍ ብሎ ለጋላክተስ፣ ለዚያ ፕላኔት ለሚበላው ግዙፍ፣ አደረ። ጌታውም ከራሱ ቆርሶ ሰጠው። በኋላ ሲያምፅበት ምድር ላይ አሰረው፤ ጠፈሩ ተዘጋበት። ታዲያ ይሄ ሹም ሽር አይደለም? ልጁ «መሣሪያ ነው ወይስ የራሱ?» እያለ ሲጨነቅ ነበር። እኔ ሁለቱም አይደለም አልኩት። ሰውዬው ተሿሚ ነው።

ግሪን ላንተርን የሚባለው ሌላው የኮሚክ ጀግና ደግሞ የኃይል ቀለበት አለው። ሃል ጆርዳን የሚባለው ግሪን ላንተርን የቆዩ ታሪኮች ላይ በየ24 ሰዓቱ ከፋኖሱ ይሞላዋል፤ እንደ ስልካችን ማለት ነው። የሚታዘዘው ግን ለባለቤቱ ቁርጠኝነት ነው። እዚህ ጋ «ወኔ» በል አልኩት። ወኔ ቢስ ቢያጠልቀው ያው ጌጥ ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ያስቸገረን ጋላክተስ ራሱ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ብቅ ባለበት ታሪክ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ፎቅ ጣሪያ ላይ ማሽን ይተክላል። ማሽኑ ፕላኔቷን ወደሚበላ ነገር የሚቀይርለት ነው። እንግዲህ ሆዱ የራሱ ነው፣ ምድጃው ግን የቴክኖሎጂ። የለበሰው ብረትም ጌጥ ወይም መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለውን ነገር ልክ ያስይዝለታል።

ልጁ «ብረቱን ‹ማመንጫ› ልበለው?» አለኝ። እዚህ አዳማ ወዳሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እያየ ነው። «ማመንጨት» ከ«ምንጭ» የወጣ ቃል ነው፤ ከሌለበት እንዲፈልቅ ማድረግ። የጋላክተስ ብረት ግን ምንም አያፈልቅም። እሱ ግድብ ነው። አዋሽ ቆቃ ሳይገደብም አዋሽ ነበር። ግድቡን ብታነሳው ወንዙ አይደርቅም፤ እንዲያውም ጎርፍ ይሆንብሃል። ስለዚህ ለእሱ «ኃይል» እንዳለ ይቅር፣ ብረቱ «አቅሙን የሚገድብ» ይባል አልኩት። ምን ትላላችሁ?

መካኒኩ፦
ወንድሜ፣ ጉልበት ከገላ አይለይም ያልከው ላይ አልስማማም። የፈረስ ጉልበትስ? እኛ ጋራዥ በቀን አሥሬ «ይሄ ሞተር ጉልበት የለውም» ሲባል ትሰማለህ። ዳገት ላይ ሲያለቅስ ማለቴ ነው። ሞተር ደግሞ ማንም ሰርግ ላይ አይስመውም።

ጠያቂው፦
ሃሃ፣ ይሄኛው ገባብኝ። ግን «የፈረስ ጉልበት» ውስጥ ፈረሱ እስካሁን ቆሟል እኮ። ቃሉን ከእንስሳው ተውሰን ለሞተሩ ሰጠነው። ደግሞ አስተውል፤ ሞተሩ ሲደክም ነው «ጉልበት» የምትሉት። የዘይት ማጣሪያው ሲበላሽ «ጉልበቱ ተበላሸ» አትሉም። ሞተሩን እንደ ሰው ስታዩት ነው ቃሉ የሚመጣው። እንደዚያም ሆኖ «ከገላ አይለይም» ያልኩትን አነሳለሁ፤ «ከባለቤቱ አይለይም» ይሁንልኝ።

መካኒኩ፦
እሱ ይሻላል። ቱርቦ የሚባለው የሞተር ጉልበት መጨመሪያ ዕቃ ሲገጠምበትስ ግን? ይሄን ሌላ ቀን።

አንዲት እናት፦
ልጆቼ፣ «የለበሰው ብረት» እያላችሁ ለምን ትደክማላችሁ? «ጥሩር» የሚል ቃል አለን። ኤፌሶን መልእክት ላይ «የጽድቅን ጥሩር» የሚለውን አታስታውሱም? ለጦር የሚለበስ የደረት ብረት ነው።

ጠያቂው፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበ ነው። መጀመሪያ «ይሄን ቃል እኔ ክፍል ማንም አያውቀውም» ብሎ ነበር። ከዚያ ሁለት ሦስቴ ጮክ ብሎ አለው። «ጥሩር... ጥሩር... አጎቴ፣ ብረት ሲንኳኳ ይመስላል!» አሁን «ብረት» ያለበትን ሁሉ በላጲስ እያጠፋ ነው። ላጲሱ የኔ ነው፣ እሱም አለቀ።