ሁለት ጊዜ ተቆርጦ የተመለሰ የሽንት ቧንቧ ጥበት፦ ሦስተኛ ይሞከር?

ጤና መኮንን፣ ሰበታ
ሰላም ለቤቱ። የ34 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ብረት ላይ አንፈራጦ ወድቆ ባልበር (ከቆለጥ ከረጢት ኋላ ያለው የሽንት ቧንቧ ክፍል) ላይ 1.5 ሴ.ሜ ጥበት አለው። በኢንዶስኮፕ (በቧንቧው በሚገባ የካሜራ መሣሪያ) ሁለቴ ተቆርጦለት በወራት ውስጥ ተመልሷል። አሁንም ይቆረጥ ተብሏል። ምን ትላላችሁ?

ዩሮሎጂ ሬዚደንት
ሦስተኛው ይቅርበት። መቁረጥ የሚያዋጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ለታየና ከ2 ሴ.ሜ ላነሰ ጥበት ነው። ጠባሳውን ይሰነጥቃል እንጂ አያወጣውም፤ ሲድን መልሶ ይኮማተራል። ለእሱ የሚሆነው ዩሬትሮፕላስቲ ነው፦ ከቆለጥ ከረጢት ኋላ ተከፍቶ ጠባሳው ተቆርጦ ይወጣል፣ ጤነኛዎቹ ጫፎች ሰፋ ተደርገው እርስ በርስ በስፌት ይገጠማሉ። ከ10 ሰው ለ9ኙ ገደማ ይሠራል። ጥበቱ ረዘም ካለ ከጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ተወስዶ ይለጠፋል። ጥበቱ ብልቱ ላይ ቢሆን ግን ቆርጦ መግጠም የለም፤ ሲቆም ይጎብጣል።

ጤና መኮንን፣ ሰበታ
አመሰግናለሁ ዶክተር። ጫት ይቅማል፣ ያጨሳልም። ጉንጩ ይሆናል?

ዩሮሎጂ ሬዚደንት
አፉን ከፍተህ በባትሪ እየው። ነጭ ንጣፍ፣ ቁስል ወይም ጥንካሬ ካለ ጻፍልን። ለ1.5 ሴ.ሜ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሲከፈት ረዝሞ ቢገኝስ? ማጨሱን ከአሁኑ ያቁም።

የዎርድ ነርስ፣ ቡራዩ
ከመላኩ በፊት የሽንት ካልቸር (ጀርም የሚፈልግ ምርመራ) ይሠራለት፣ ኢንፌክሽን ካለ ይታከም። ሽንት ከያዘው በብልቱ በኩል ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) በጉልበት አትግፉ፤ የሐሰት መንገድ (ከቧንቧው የወጣ ቀዳዳ) ትከፍታላችሁ። በሆድ በኩል ይግባለት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ካቴተሩ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል፤ ሲወጣ በራጅ የሚታይ መድኃኒት ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ራጅ ተነስቶ ስፌቱ እንደማያፈስ ይታይ። አንዳንዱ ቤቱ ሆኖ ይጎትተዋል፣ ጭኑ ላይ በፕላስተር ይታሰርለት።