የዱቄት ብናኝ ፍንዳታ፦ ስልጠናው ከየት ይጀምር?

ጠያቂ፦ ድሬዳዋ ላለ ዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞችና ፈረቃ ኃላፊዎች ስልጠና ላዘጋጅ ነው። ምን ይቅደም?

መልስ፦ ጽዳቱ። በኮምፕረሰር መንፋት ይቁም፤ ዱቄት የሚፈነዳው አየር ላይ ሲበተን ነው። ብልጭታ በማይፈጥር ቫኪዩም ከላይ ወደ ታች ይሰብስቡ። የጣሪያው ብረት ላይ የተኛውን ማንም አያየውም፤ የመጀመሪያው ትንሽ ፍንዳታ ያንን ሲያራግፈው ነው ሁለተኛውና ገዳዩ የሚመጣው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጆርጂያ በስኳር ብናኝ 14 ሰው አልቋል።

ሌላ መልስ፦ ኃላፊዎቹን ለብቻ አሰልጥኗቸው፤ «ቶሎ በይዱት» የሚሉት እነሱ ናቸው። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ብየዳ የለም፦ ማሽኑ ይቁም፣ 11 ሜትር ዙሪያው ይጽዳ፣ ከብየዳ በኋላ 1 ሰዓት እሳት እንዳይነሳ የሚጠብቅ ሰው ይቁም። የኤሌቬተር (የእህል ማንሻው) ቀበቶ ከመስመር ወጥቶ ብረት ሲፋቅ፣ ኩሽኔታም ሲግል ማሽኑ ወዲያው ይጥፋ።

ጠያቂ፦ እሳት ቢነሳስ?

መልስ፦ በኃይል የሚረጭ ማጥፊያ ዱቄቱን ያስነሳዋል። ውሃ በቀስታ፣ እንደ ካፊያ፤ መብራት ከተቋረጠ በኋላ።