ሁለት ይበቃል ወይስ ልጅ በዕድሉ ያድጋል?

የሦስት እናት (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦ ሰላም ለቤቱ። የዛሬውን ክርክር እኔ ልክፈተው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ስድስት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ ትንሹ ገና ሰባት ወሩ። ተከራይ ነን፤ አንድ ክፍልና ጓዳ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ጉም ከለበሰ ልጅ ከቤት አይወጣም። ትናንት ትንሹ ሲያለቅስ፣ ትልቁ ሽሮውን ሲደፋ፣ ጮህኩባቸው። ያውም ክፉኛ። መካከለኛዋ ጠፋች። ብፈልግ ብፈልግ ቁም ሳጥን ውስጥ ናት። አሻንጉሊቷን አቅፋ "እሹሩሩ፣ ዝም በይ፣ እማ ደክሟታል" ትላታለች። ሌሊቱን አልተኛሁም። ልጅ ሲበዛ ነው ወላጅ የሚጨነቀው፣ ልጁም ሆደ ባሻ የሚሆነው? ወይስ ቁጥሩ ሰበብ ነው? በሉ እስቲ።

የዘጠኝ አባት (ኩታበር)፦ አብሽሪ ልጄ። እኔ ዘጠኝ አሳድጌያለሁ። አንዱ ሲያለቅስ አንዱ ያባብለዋል፣ አንዱ ሲጣላ አንዱ ይገላግላል። ሪዝቁን የሚሰጠው አላህ ነው። የዛሬ ልጅ ሆድ የሚብሰው ብቻውን ስለሚያድግ ነው። እናቲቱም ያው ናት። "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" ሲባል አልሰማችሁም?

ታላቅ እህት (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ ዘጠኝ ያላትስ ተኝታ ታውቃለች? እስቲ ባለቤትዎን ይጠይቁልን። እኔ የሰባት ልጆች ታላቅ ነኝ። ያ "አንዱ ያባብለዋል" ያሉት "አንዱ" እኔ ነበርኩ። በስምንት ዓመቴ ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ ሕፃን አዝዬ ዳር ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን አላስችል አለኝና እንዳዘልኩት ዘለልኩ። አንቀልባው ተፈታ። ወንድሜ ግንባሩ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ። እሱ ይስቃል፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። አሁን ሁለተኛዬን ነፍሰ ጡር ነኝ። ከዚያ በኋላ በቃኝ።

ቁጥር ወዳዱ (ደሴ)፦ ትንሽ ቁጥር ላስገባ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ የምትወልደው 4.6 ነበር። አማራ ክልል 3.7፣ የሀገሪቱ ከተሞች ላይ ደግሞ 2.3። ስለዚህ ከተማ ውስጥ የቀረው ክርክር የሁለትና የሦስት እንጂ የዘጠኝ አይደለም። ሌላ ነገር፤ የወላጅ ጊዜና ገንዘብ እንደ ወጥ ነው፣ በላተኛ ሲበዛ ይቀጥናል የሚል የቆየ ሐሳብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የኖርዌይ ጥናት ግን ይህን ፈተነው። ልጁ ስንተኛ ሆኖ ተወለደ የሚለውን ሲያስገቡ፣ የቤተሰብ ብዛት በትምህርቱ ላይ ያለው ተጽዕኖ ከሞላ ጎደል ጠፋ። የለኩት ስሜትን ሳይሆን ትምህርትን ነው፣ እሱን አልደብቅም።

ታላቅ እህት፦ ኖርዌይ አከራይ "ስንት ልጅ አላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል?

የሦስት እናት፦ ሃሃ፣ እሱን ተይው። ደላላው "ሁለት ናቸው በይ" ብሎኝ ነው ይህን ቤት ያገኘሁት። ያኔ እውነትም ሁለት ነበሩ፣ ሦስተኛው ሆዴ ውስጥ ነበር። አሁን ትንሹ ማታ ሲያለቅስ ጆሮዬ እሱ ጋ አይደለም። የአከራያችን ነጠላ ጫማ በረንዳው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ነው የምሰማው። ያኔ ጡቱን አፉ ላይ እወትፍበታለሁ። ይራበው፣ ይመመው፣ አላውቅም። ብቻ ዝም ይበልልኝ።

ማሽን ላይ ያለሁ (ኮምቦልቻ)፦ እኔ ሁለት ነው ያለኝ፣ ጭንቀቱ ግን የስድስት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት ሦስት ቀን። ሦስት! እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚል እንግዳ ስቀበል አለቀ። አማቴ ለአራስ ጥየቃ መጥታ ሁለት ወር ስትቆይ ቤታችን ሰላም ነበር። እሷ ገጠር በተመለሰች በሳምንቱ እኔና ባለቤቴ በጡጦ ክዳን ተጣላን። በክዳን! ልጆቹ ያው ሁለት ናቸው፣ አልጨመሩም።

መዋዕለ ሕፃናት የማስተምር፦ እኔም ወደዚያው ነኝ። ከልጅ ለቅሶ ተነስቼ የቤቱን ልጆች ብዛት ልገምት ብል አልችልም። ብቸኛ ልጅ የሆነ መጀመሪያ ላይ ቀለም እርሳስ አላካፍልም ብሎ ይንከባለላል፣ ውሎ አድሮ ይለምዳል። እኔን የሚያስፈራኝ የማያለቅሰው ነው። አንዱ ተማሪዬ ሜዳ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ደማ። ቀና ብሎ ማንንም አልፈለገም። ሱሪውን አራግፎ ሄደ። አራት ዓመቱ ነው። ከብዙ ልጅ መሀል ይሆናል ብዬ ስጠይቅ ሁለት ብቻ ናቸው። እናቱ ግን ብቻዋን ናት፣ ስትወጣም ስትገባም ጨለማ ነው። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሲመጣ የምጠይቀው ቤት ውስጥ ስንት አዋቂ እንዳለ ነው።

እታለም የቧንቧ ውሃዋ፣ ያንቺዋ ልጅ እኮ አሻንጉሊቷን እሹሩሩ ብላለች። ከየት ተማረችው? አንቺ ስትያት ሰምታ ነው። መጮኽስ ሁላችንም እንጮኻለን። ከጮኽሽ በኋላ ግን ምን አልሻት?

የሦስት እናት፦ ምንም። እኔም ቁም ሳጥኑ በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ወጥታ አሻንጉሊቷን ሰጠችኝ።

መዋዕለ ሕፃናት የማስተምር፦ በይ ዛሬ ንገሪያት። "የጮኽኩት ደክሞኝ ነው፣ ባንቺ አይደለም" በያት። አራት ዓመት ልጅ ይገባዋል። ጋሼ፣ ለእርስዎም አንድ ነገር። ቁርኣኑም ማሟላት ለሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ማጥባትን ያነሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከአንድ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይሁን ይላል። ሪዝቅም ቢሆን ፋታ ይፈልጋል።

የዘጠኝ አባት፦ ባለቤቴን ጠይቅልን ብላችሁ አልነበር? ጠየቅኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ዝም ብላ ቆየችና "አምስተኛው እንዴት እንዳደገ አላስታውስም" አለችኝ። ሲድህ አላስታውስም፣ አፉን ሲፈታ አላስታውስም አለች። አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም መሰለኝ።

የሦስቷ እናት፣ ልጆቹን ቅዳሜ ይዘሻቸው ነይ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ጠቦትም አለ። ባለቤቴ ሕፃኑን ትይዝልሻለች፣ አንቺ ተኚ።

ቁጥር ወዳዱ፦ እና ጋሼ ተረቱ ማለት ነው?

የዘጠኝ አባት፦ ማን ነው የተረታ? ዘጠኙም በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። አንተ መጀመሪያ አግባ።